የስድስት ሳምንት ዘመቻ፦ አንድን የሰፈር ወንጀል በጋራ ለመቀነስ የሚረዳ መመሪያ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ብዙ ሰፈሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ታሪክ ይደጋገማል። ከታክሲ መውረጃው እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ባለው ጨለማ መንገድ ላይ ስልክ ይነጠቃል፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታ የሌላ ሰው ቦርሳ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ከሥራ የምትመለስ ሴት ተገፍትራ ትጎዳለች። ነዋሪው ይቆጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ሮንድ ይቋቋማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሠላሳ ሰው ይወጣል፤ ወር ሳይሞላ አሥር ይቀራል፤ በሦስተኛው ወር የሚገኙት ሁለት ጡረተኞችና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ይሆናሉ። ይህ የሚሆነው ሰው ለሰፈሩ ግድ ስለሌለው አይደለም፤ ለሥራው ወሰን ስላልተበጀለት ነው። ምን እንደሚከላከል፣ የት ላይ እንደሚያተኩርና መቼ እንደሚያበቃ ሳይነገር የተጀመረ ሥራ የሰውን ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ወንጀሉን አይነካውም።

እዚህ የማቀርበው አሠራር አንድ ችግር፣ አንድ ቦታና አስቀድሞ የተነገረ የመጨረሻ ቀን ያለው አጭር ዘመቻ ነው፦ ሦስት ሳምንት ዝግጅት፣ ስድስት ሳምንት ሥራ፣ ከዚያም ሦስት ወር ቀላል ክትትል። የተጻፈው ለእድር አመራሮች፣ ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ በቀጠናና በብሎክ ደረጃ ለሚሠሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባላትና በአጠቃላይ «አንድ ነገር እናድርግ» ብለው ለሚነሡ ጎረቤቶች ነው።

የጊዜው ማጠር እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። አሜሪካዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ላውረንስ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠናከሩ የፖሊስ ዘመቻዎችን ውጤት መርምሮ ሁለት ነገሮችን አስተውሏል። የመጀመሪያው፣ ዘመቻው በረዘመ ቁጥር አጥፊዎች የጥበቃውን ልክ እያወቁት ስለሚሄዱ ውጤቱ የሚደክም መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዘመቻው ካበቃም በኋላ አጥፊዎች ማብቃቱን በእርግጠኝነት ስለማያውቁ ለተወሰነ ጊዜ ከመዳፈር ሊቆጠቡ መቻላቸው ነው። ስለዚህ አቅምን ለዓመት በሚዘልቅ የተዳከመ ጥበቃ ላይ ከመበተን ይልቅ፣ ለአጭር ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ አጠንክሮ መሥራትና ወደ ሌላ ቦታ መሸጋገር የተሻለ ይሆናል። በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ለ90 ቀናት የተካሄደ ሙከራም ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ወንጀል በሚበዛባቸው ቦታዎች ላይ የፖሊስ ቁጥር ማብዛት ብቻውን ያመጣው ለውጥ አነስተኛ ሲሆን፣ በየቦታው ያለውን ችግር መርምረው መንስኤውን ለማስተካከል በተሠራባቸው ቦታዎች ግን ከሙከራው በኋላ በነበሩት 90 ቀናት የመንገድ ላይ የኃይል ወንጀል በ33 በመቶ ቀንሷል።

ችግሩን ማጥበብ

በስብሰባ ላይ «የሰፈራችን ችግር ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «ሌብነት» ወይም «ሥራ አጥነት» ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ግን ሁለቱንም መፍታት አይቻልም። ሊሠራበት የሚችል ችግር ሰዓት፣ ቦታና አኳኋን ያለው ነው። «ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ ሁለተኛው በር ድረስ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ስልክ ይነጠቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከተቻለ የሥራው ግማሽ ተሠርቷል። መጻፍ ካልተቻለ ዘመቻው ገና አልደረሰም ማለት ነውና የተሰበሰበው ሰው ቅር ቢለውም ቀኑን ማራዘም ይሻላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ነው። የፖሊስ ጣቢያው መዝገብ ጠቃሚ መነሻ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩን የተነጠቀ ሰው ብዙ ጊዜ «ላይገኝ ነገር ምን ያደክመኛል» ብሎ ሳያመለክት ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት የሚታመኑ ሰዎች ደብተር ይዘው የእድር ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ በሱቆች፣ በወፍጮ ቤት፣ በትምህርት ቤት በርና በሊስትሮዎች ዘንድ እየዞሩ ይጠይቁ። ጥያቄዎቹ ጥቂትና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፦ ባለፉት ሦስት ወራት ምን ደረሰብዎ? በስንት ሰዓት? በትክክል የት ላይ? ሰውየው ከየት መጣ፣ በየት በኩል ሄደ? ብቻውን ነበር ወይስ በሞተር ሳይክል? ለፖሊስ አመልክተው ነበር? የተጠያቂውን ስም መጻፍ አያስፈልግም። ተጠርጣሪ የሚሏቸውን ሰዎች ስም ደግሞ ፈጽሞ አትጻፉ፤ ደብተሩ የክስ መዝገብ መስሎ የታየ ዕለት ሰው እውነቱን መናገር ያቆማል፣ ንጹሕ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

የተሰበሰበውን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በእጅ በተሣለ የሰፈር ካርታ አስፍሩት። ነጥቦቹ በሰፈሩ ሁሉ ተበትነው ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ተከማችተው ታገኟቸው ይሆናል። በአሜሪካዋ የሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት ለፖሊስ ከሚደረጉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚመጡት ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በሰፈራችሁም ካርታውን ስታዩ «ሁሉም ቦታ አስፈሪ ሆኗል» የሚለው ስሜት «ይህ ማዕዘንና ያ የግንባታ አጥር» ወደሚል እውቀት ይለወጣል፤ የነዋሪው ፍርሃት ራሱ መርገብ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ችግሩ የቤት ሰብሮ መግባት ከሆነ ደግሞ ካርታው ላይ የምትፈልጉት ሌላ ነገር አለ፦ ከአንድ ጊዜ በላይ የተሰረቁ ቤቶች። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት በተባለ የመኖሪያ መንደር በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሥራ ያተኮረው አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና እንዳይሰረቅ በመከላከል ላይ ነበር። ሌባን ይስቡ የነበሩትን በሳንቲም የሚሠሩ የኤሌክትሪክና የጋዝ ቆጣሪዎች አስወገዱ፣ የተሰረቀውን ቤት መዝጊያ አጠናከሩ፣ በዙሪያው ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶች ያንን ቤት በዓይናቸው እንዲጠብቁ ተስማሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ በመንደሩ የቤት ስርቆት በ75 በመቶ ቀነሰ። ጎረቤት ለጎረቤት ዓይን መሆኑ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው መላውን ሰፈር እንጠብቅ ከማለት ይልቅ ትናንት የተጎዳውን ቤት ለይቶ መጠበቁ ነው።

ማን ይቀመጥ፣ ምን ይፈራረም

አስተባባሪ ቡድኑ ከዘጠኝ ሰው አይብለጥ። ከእድሩ አንድ ሰው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወይም ከብሎኩ ኮሚቴ አንድ፣ በቀጠናው የተመደበው የፖሊስ አባል፣ ከወረዳው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት አንድ፣ በዚያ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ከታክሲ ተራ አስከባሪዎች አንድ፣ ከወጣቶች ሁለት፣ በዚያ መንገድ ማታ ማታ ከሥራ የምትመለስ አንዲት ሴት። የመጨረሻዋን አባል ለይስሙላ አላነሣኋትም። በተሳተፍኩባቸው ስብሰባዎች ደጋግሜ እንዳየሁት፣ የሚናገሩት በዕድሜ የገፉ ወንዶች ሲሆኑ፣ መንገዱን በምሽት ሰዓት የሚያውቁት ግን የፋብሪካ፣ የሆቴልና የቤት ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው ሱቅ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ከየትኛው ጥግ ሰው እንደሚወጣ የሚነግሯችሁ እነሱ ስለሆኑ ስብሰባው እነሱ በሚመቻቸው ሰዓት ይሁን።

ሊስትሮዎች፣ ሱቅ በደረቴዎች፣ የመኪና ጠባቂዎችና የሕንጻ ዘበኞችም ቀኑን ሙሉ መንገዱን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ በወንጀል መከላከል ስም የመጀመሪያው እርምጃ እነዚህን ሰዎች ከመንገዱ ማንሣት ይሆናል። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ስህተት ነው፤ ቦታው ባዶ ሲሆን የሚመቸው ለነጣቂው ነው። ይልቁንም ለየብቻቸው አነጋግሯቸው፤ በአደባባይ ስብሰባ ላይ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ማስገደድ ለአደጋ ያጋልጣቸዋል።

ቡድኑ እንደተቋቋመ አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት ያዘጋጅ። በዚህ ወረቀት ላይ «ፖሊስ ጥበቃውን ያጠናክራል፣ ኅብረተሰቡም የበኩሉን ድርሻ ይወጣል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር አይግባ፤ እንዲህ ያለ ቃል ማንንም አይዝም፣ ባይፈጸምም ማንም አይጠየቅበትም። ይልቁንም እያንዳንዱ ወገን ምን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይጻፍ። ከፖሊስ የሚጠየቀውም ሊሰጥ የሚችለው ይሁን። ጣቢያው ሁለት አባላትን ለስድስት ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ እንዲያቆም መጠየቅ እምቢታን መጋበዝ ነው። በሚኒያፖሊስ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ክርስቶፈር ኮፐር የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ጥናት፣ ፖሊስ በአንድ ቦታ ከ10 እስከ 16 ደቂቃ ቆይቶ ሲሄድ የመገኘቱ ውጤት ከሄደም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደሚዘልቅና፣ ከዚያ በላይ መቆየቱ ግን ተጨማሪ ጥቅም እንደማያመጣ አሳይቷል። ስለዚህ «ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ በካርታው ላይ ባሉት ሦስት ቦታዎች በእያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት፣ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ እየተለዋወጠ» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ለጣቢያው ኃላፊ በአንድ የእግር ቅኝት የሚሸፈን ሥራ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ እንዲህ ያለው ዘመቻ ከአምፖል፣ ከወረቀትና ከስልክ ካርድ የዘለለ ወጪ ሊኖረው አይገባም። የእድር ገንዘብ ለማውጣት ከተፈለገ ግን ገንዘቡ የተዋጣው ለቀብርና ለኀዘን መሆኑ አይዘንጋ፤ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ጠቅላላ አባላቱ ሳይወስኑ አንድ ብር እንኳ አይነካ።

ስድስቱ ሳምንታት

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሰው ላይ ሳይሆን ቦታ ላይ ይሁን። አስተባባሪ ቡድኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መንገዱን በእግሩ ይሂድበትና ያየውን ይመዝግብ፦ የጠፋ መብራት፣ ሰው የሚደበቅበት ቁጥቋጦ፣ ወደ መንገዱ ገፍቶ የወጣ የግንባታ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ አጥር፣ ሁለት መውጫ ያለው ቀጭን መተላለፊያ። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 ለስድስት ወራት በመንግሥት የመኖሪያ ሕንጻዎች ቅጥር ግቢ ተጨማሪ መብራት ተተክሎ በተደረገ ሙከራ፣ በምሽት ከቤት ውጪ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ቀንሰዋል። እኛ ያን ያህል መብራት መትከል ባንችልም በመንገዱ ዳር ያሉ አሥራ ሁለት ቤቶች የበራቸውን አምፖል ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲያበሩ፣ የሱቁ ባለቤት አንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲዘጋ፣ የግንባታው ተቋራጭ ቆርቆሮውን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ማድረግ እንችላለን። የመንገድ መብራቱን ጉዳይ በጽሑፍ አመልክቱና የማመልከቻውን ቁጥር ያዙ፤ ዘመቻው ግን በዚያ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰው በተመረጠው ሰዓት በመንገዱ ላይ ይገኛል። ይህ ዱላ ይዞ መዞር አይደለም። በሦስቱ ቦታዎች ላይ ሁለት ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ፣ አላፊውን ሰላም ይላሉ፣ የተለየ ነገር ሲያዩ ለተመደበው ፖሊስ ይደውላሉ። ከታክሲ የሚወርዱ ሴቶችና ተማሪዎች ተጠባብቀው በቡድን እንዲሄዱ ተራ አስከባሪው አንድ ቃል ቢናገር ብዙ ይረዳል። አንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ምሽት በላይ አይመደብ፤ ፈረቃው ከሁለት ሰዓት አይርዘም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ለአሥር ምሽት ብቻ እንደሚያስፈልግና የሚያበቃበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ይጠብቃል። አንድ ሰው በቀረበት ምሽት የሚተካው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ቀኑንም ስትመርጡ ብዙ ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚሄድባቸውን የፋሲካንና የገናን ሳምንታት፣ እንዲሁም ክረምቱ የሚበረታበትን ሐምሌና ነሐሴን ብታስወግዱ ይሻላል።

እንደ ስልክ ባለ ንብረት ላይ ሲሠራ ዋናው ድካም መንገዱ ላይ ሳይሆን ገበያው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስልክ የሚነጠቀው ነጣቂው ሊጠቀምበት አስቦ ሳይሆን በዚያው ምሽት ወይም በማግሥቱ የሚገዛው ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ በሰፈሩና በአቅራቢያው ያሉ የስልክ መሸጫና ጥገና ሱቆችን አንድ በአንድ አነጋግሩ። ያገለገለ ስልክ ሲገዙ የሻጩን መታወቂያ እንዲመዘግቡ፣ ደረሰኝ ወይም ካርቶን እንዲጠይቁ ይስማሙና ስምምነታቸውን በሱቃቸው በር ላይ ይለጥፉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በወንጀል የተገኘን ዕቃ መግዛትንና መሸሸግን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ስለሚቀጣ፣ ይህ ለሐቀኛው ነጋዴ መከላከያ፣ ሌባን ለሚቀበለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በሌላ በኩል ነዋሪው ሁሉ በስልኩ ላይ *#06# ብሎ ሲጽፍ የሚመጣለትን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ቤቱ ያስቀምጥ። ተማሪዎች ይህን ለወላጆቻቸውና ለአያቶቻቸው በአንድ ቅዳሜ ሊያደርጉላቸው ይችላሉ። ፖሊስ የተያዘ ስልክ የማን እንደሆነ ለማረጋገጥ የሚቸገረው ባለንብረቱ ይህን ቁጥር ሳይዝ ሲቀር ነውና።

የወንጀሉን መሣሪያ ለይቶ መያዝም መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ቅሚያ ሲበዛ በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ የጣለችው በዚህ አስተሳሰብ ነበር። ይሁንና ሰፊ ገደብ በሞተር ሳይክል እንጀራውን የሚያበስለውን ሰው ጭምር ስለሚነካ፣ በሰፈር ደረጃ ሲታሰብ ጠበብ ያለውን ዘዴ መምረጥ ይገባል። ሞተር ሳይክል የሚያመልጥበትን ቀጭን መተላለፊያ በድንጋይ ወይም በብረት ማጥበብ ማንንም ሳይጎዳ ተመሳሳይ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል።

ከወጣቶቹ ጋር መነጋገር

የቦስተን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣቶች ግድያ ሲያስጨንቀው፣ ችግሩ በቁጥር አነስተኛ በሆኑ ቡድኖች ዙሪያ የሚሽከረከር መሆኑን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1996 የእነዚህን ቡድኖች አባላት ፊት ለፊት ጠርቶ ከማኅበራዊ ሠራተኞችና ከጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ጋር በመሆን ሦስት ነገር ነገራቸው፦ ግድያው ሊቆም ይገባል፣ መውጣት ለሚፈልግ እርዳታ አለ፣ የሚቀጥል ግን ቡድኑ በሙሉ ክትትል ይደረግበታል። በኋላ የተደረገ ግምገማ በወር የሚደርሰው የወጣቶች ግድያ በ63 በመቶ መቀነሱን አመልክቷል። የእኛ ሰፈር ችግር ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው፤ አነጋገሩ ግን ይጠቅመናል፦ ግልጽ፣ አክባሪና ቃሉን የሚጠብቅ።

በሰፈሩ «ያስቸግራሉ» የሚባሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁ ናቸው፤ እናታቸው የእድር አባል ናት፣ አጎታቸው የታክሲ ረዳት ነው። በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ሳምንት የሚሰሟቸው ሰዎች፣ ማለትም የሰፈሩ አሰልጣኝ፣ የነፍስ አባት፣ ሼሁ ወይም ፓስተሩ፣ ታላቅ ወንድም፣ ለየብቻ ጠርተው ያነጋግሯቸው። ንግግሩ ውንጀላ አይሁን፤ «አንተ ነህ የሰረቅኸው» ሳይሆን «በዚህ መንገድ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ሰው አለ፤ አንተም ከእኛ ጋር ብትቆም ደስ ይለናል» ይባል። የሥራ ዕድል እንደሚገኝ ተስፋ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድሞ ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ ምን እንዳለ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። በሌለ ሥራ ተስፋ ሰጥቶ ወጣቱን ማሳዘን ካለመናገርም የከፋ ነው። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሕፃናትን ሰብስቦ ሌላ ሰፈር መጣል ደግሞ ወንጀልን መከላከል አይደለም፤ በዘመቻው ስም ይህ እንዲደረግ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቡድኑ በግልጽ እምቢ ይበል።

የማይታለፈው መስመር

አገራችን ወንጀለኛን በጋራ ስታፈላልግ ኖራለች። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ ካላወጣ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በጋራ መቆም ያወረሱን መልካም ነገር ነው፤ ያለማስረጃ ሰውን ጥፋተኛ ማድረግ ግን ትተነው መሄድ ያለብን ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ማንኛውም የተከሰሰ ሰው በክርክሩ ሂደት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል።

ይህ ለዘመቻው ተሳታፊ በተግባር ሲተረጎም ጥቂት ግልጽ ትእዛዞች ይሆናል። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ለፖሊስ ይሰጣል፤ በእድር ቤት ወይም በጥበቃ ክፍል አይታሰርም፣ አይመረመርም። ማንም አይደበደብም። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ሕዝቡ በተያዘው ሰው ላይ እንደሚረባረብ እናውቃለን፤ ስለዚህ በየፈረቃው ከቆሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራው መደወል፣ የሌላው ሥራ ደግሞ የተያዘውን ሰው ከሕዝቡ መከላከል መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። የተጠርጣሪን ፎቶግራፍ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ክልክል ይሁን፤ የደኅንነት ካሜራ ቀረጻ ያለው ሰው ለፖሊስ ብቻ ይስጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እነዚህን መስመሮች የማይቀበል ሰው ምንም ያህል ቀናተኛ ቢሆን በፈረቃ አይመደብ።

ማስታወቅ

የሚነገረው መልእክት አጭር ይሁን፦ ችግሩ፣ መንገዱ፣ መነሻና መድረሻ ቀኑ፣ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደሚጠየቅ፣ የሚደወልበት ስልክ። በአዲስ አበባ ከሆነ የፖሊስ ነጻ መስመር 991 ከተመደበው ፖሊስ ስልክ ጋር አብሮ ይጻፍ። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጥ ማስታወቂያ፣ የዓርብ ጸሎት፣ የሱቅ በር ወረቀትና የቴሌግራም ቡድን ሁሉም ይጠቅማሉ። ፖሊስ በየትኛው ደቂቃ የት እንደሚገኝ ግን አይነገር። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ዜና ይውጣ፤ መጥፎ ሳምንት ከሆነም «በዚህ ሳምንት ሁለት ስልክ ተነጥቋል» ተብሎ በግልጽ ይነገር። የደበቁት ነገር በወሬ ሲወጣ ሁለት ስልክ አሥር ይሆናል።

መለካትና ማብቃት

ውጤቱ የሚለካው በዚያው ደብተር፣ በእነዚያው ጥያቄዎች፣ በእነዚያው ሰዎች ነው። ከዘመቻው በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት፣ በዘመቻው ጊዜና ከዘመቻው በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት የደረሰውን ለየብቻ ቁጠሩ። በተቻለ መጠን ዘመቻ ያልተደረገበትን ጎረቤት ሰፈርም በተመሳሳይ መንገድ ጠይቁ፤ እዚያም በእኩል መጠን ቀንሶ ከሆነ ለውጡ የእናንተ ሥራ ውጤት ላይሆን ይችላል። የፖሊስ ጣቢያው መዝገብ በዘመቻው ወቅት ከፍ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ ሰው ማመልከት ስለጀመረ ሊሆን ይችላልና ለዚህ ነው «ለፖሊስ አመልክተው ነበር?» የሚለው ጥያቄ በደብተሩ ውስጥ የገባው። ቁጥሩ ከሰባት ወደ አራት ወርዶ ከሆነ «በ43 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ከማወጅ «ሰባት የነበረው አራት ሆነ» ማለት ይበልጥ ሐቀኛ ነው።

«ሌባው ወደ ጎረቤት ሰፈር ይሄዳል እንጂ ምን ለውጥ ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ወንጀሉ በሙሉ የሚዛወርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም በአጠገብ ያሉ ቦታዎች የጥቅሙ ተካፋይ ሲሆኑ ይታያል። ቢሆንም ግምቱን ለመፈተን የጎረቤቱን እድር አመራር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሳውቁት፤ በእሱ በኩል ነጠቃ መብዛቱን ከሰማችሁ ለተመደበው ፖሊስ ንገሩት።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በተነገረው ቀን፣ የምሽቱ ፈረቃ ይቁም። «ጥሩ እየሄደ ነው፣ እንቀጥል» የሚል ግፊት ይመጣል፤ ግፊቱን መቋቋም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቃሉ የተጠበቀለት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ እንደገና ይወጣል። የሚቆመው ግን የሰው ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው። የበር መብራቱ፣ የጠበበው መተላለፊያ፣ የሱቆቹ የደረሰኝ ስምምነት፣ የስልክ መለያ ቁጥሩና ከፖሊሱ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይመደብ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ቀኑ ለማንም ሳይነገር፣ ቡድኑና ፖሊሱ ለሁለት ወይም ለሦስት ምሽት ወደዚያው መንገድ ይመለሱ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ደብተሩን የያዙት ሰዎች መጀመሪያ የተጠየቁትን ነዋሪዎች ዳግም ይጠይቁና መልሱን ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ያቅርቡ፤ ካርታውን ከግድግዳው ላይ አውርደው ቀጥሎ ለሚመረጠው መንገድ አዲስ ወረቀት ይስቀሉ።